ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ተነስታችሁ ክሬዲት ሳይጠፋባችሁ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

በየሰሜስተሩ የማየው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሰው ከአገር ቤት ይመጣል፣ ጓደኛው የተመዘገበበት ክላስ ይመዘገባል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሌሊት እየሠራ ቀን ይማራል፣ ከዛ ጆርጅ ሜሰን ወይ ቨርጂኒያ ቴክ ሲያመለክት ካጠራቀመው 60 ክሬዲት ብዙው ለሚፈልገው ሜጀር አይቆጠርልህም ይባላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ ሂዱበት፣ አትዝለሉ።

ይሄ በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ ሌላ ሜሪላንድ ያላችሁ ኖቫ አትመዝገቡ፣ አውት ኦፍ ስቴት (የሌላ ስቴት ነዋሪ የሚከፍለውን ውዱን ዋጋ) ትከፍላላችሁ። እናንተ የካውንቲያችሁን ኮሌጅ ነው የምታዩት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆናችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ማለት ነው፣ እዛ ደሞ ዋጋው በካውንቲ ጭምር ይለያያል።

ደረጃ 1፦ ስማችሁንና ልደታችሁን አንድ አድርጉ

ይሄን ሰው ይንቀዋል፣ በኋላ ግን ስድስት ወር የሚያስቆመው እሱ ነው።

1. ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ግሪን ካርድ፣ ፓስፖርትና የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ።
2. ስማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የኛ ስም አንዱ ጋ በሁለት "ኤስ"፣ ሌላው ጋ በአንድ ይጻፋል፣ አንዱ ጋ የአያት ስም አለ ሌላው ጋ የለም።
3. ኮሌጅ ስታመለክቱም ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻ) ስትሞሉም ሶሻል ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ ተጠቀሙ። ቤት የምትጠሩበትን አታስገቡ።
4. የልደት ቀንና ያጠናቀቃችሁበት ዓመት በፈረንጅ ይሁን። ሰኔ 2010 ዓ.ም. 12ኛን የጨረሰ ሰው የሚያስገባው ጁን 2018 ነው። 2010 ብሎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ፣ በልጅነቱ ሃይስኩል የጨረሰ መስሎ ፋይሉ ለማጣራት ታግዶበት ነበር።

ከተበላሸ፦ ሶሻል ካርዱ ራሱ ስህተት ከሆነ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ፣ ከዛ በኋላ ነው ሌላው። ስህተት ያለው ትራንስክሪፕቱ ላይ ከሆነ ደሞ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የማስተካከያ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።

ደረጃ 2፦ ኢንስቴት (የቨርጂኒያ ነዋሪ) መሆናችሁን በወረቀት አስመስክሩ

ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ኖቫ ላይ አውት ኦፍ ስቴት ዋጋው ከኢንስቴቱ እጥፍ ይጠጋል፣ ዩኒቨርሲቲ ስትደርሱማ ልዩነቱ ይብሳል።

ሕጉ እንዲህ ነው፣ ክላስ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ቢያንስ 12 ወር ቨርጂኒያን ቋሚ መኖሪያችሁ አድርጋችሁ መቆየት አለባችሁ። እዚህ መተኛት ብቻ አይበቃም፣ ለመኖር እንዳሰባችሁ ወረቀታችሁ ይናገር። በማርች 2025 በዲቪ የገባ ሰው ለ2025 ፎል አይሞላለትም፣ ለ2026 ፎል ግን ይሞላለታል።

ከመጣችሁበት ሳምንት ጀምሮ እነዚህን አድርጉ፦

1. የቤት ኪራይ ውል ላይ ስማችሁ ይግባ። ዘመድ ጋ ከሆናችሁ ባንክ፣ ስልክና የደሞዝ ወረቀት በዛ አድራሻ ይምጣ።
2. የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ወይ መታወቂያ ቶሎ አውጡ።
3. መኪናውን ቨርጂኒያ አስመዝግቡ። ኢንሹራንስ ይረክሳል ተብሎ ሜሪላንድ ባለ ጓደኛ አድራሻ ታርጋ ማውጣት ትልቁ ጥፋት ነው፣ ዶሚሳይል (ቋሚ መኖሪያ) የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ ከሚጠይቁት ውስጥ ነው።
4. ዲሲ ወይ ሜሪላንድ የምትሠሩ ከሆነ የስቴት ታክስ የሚቆረጠው ለቨርጂኒያ መሆን አለበት። በስቴቶቹ መሃል ስምምነት አለ፣ የምትከፍሉት ለምትኖሩበት ነው። አሠሪያችሁን ጠይቁ፣ የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ሜሪላንድ የሚል ካያችሁ ዛሬውኑ አስቀይሩት።
5. ታክስ የቨርጂኒያ ነዋሪ ብላችሁ ሙሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ ትመዘገባላችሁ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ግሪን ካርድ ያላችሁ "አይ" በሉ። ለኢንስቴት ይረዳል ብሎ የነገራችሁ ካለ አትስሙት፣ ዜጋ ሳትሆኑ መመዝገብ ወደፊት ዜግነት ማግኘታችሁን አደጋ ላይ ይጥላል።

ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ከሆነና ወላጅ የሚያስተዳድራችሁ ከሆነ የሚታየው የወላጅ መኖሪያ ነው፣ ስለዚህ የእናት ወይ የአባታችሁን ወረቀት አዘጋጁ። የኤፍ 1 ቪዛ ያላችሁ ግን ስንት ዓመት ብትቆዩ ኢንስቴት አያደርጋችሁም። በረፊውጂ የገባችሁ ከሆነ ደሞ 12 ወሩን እጠብቃለሁ ብላችሁ አትቀመጡ፣ መጀመሪያ ዶሚሳይል ቢሮውን ጠይቁ።

ከተበላሸ፦ አፕሊኬሽኑን ጨርሳችሁ "አውት ኦፍ ስቴት" ካላችሁ አትክፈሉ አትደንግጡም። ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ በስህተት ተመልሶ ነው። የዶሚሳይል ሪቪው ጠይቁ፣ ከላይ ያሉትን ወረቀቶች ባንድ ላይ አያይዛችሁ ሰሜስተሩ ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። ሰሜስተሩ ከተጀመረ በኋላ ያለፈውን ማስመለስ በጣም ይከብዳል። 12 ወሩ እውነትም ካልሞላ ግን አትዋሹ፣ አንድ ሰሜስተር ጠብቁ፣ በዛ ጊዜ እንግሊዝኛችሁን ላይብረሪና ካውንቲ በሚሰጠው ነጻ ወይ ርካሽ ትምህርት አሳድጉ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ መድረሻውን ምረጡ፣ ክላሱን በኋላ

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ልብ እዚህ ነው። "ጄኔራሉን ልጨርስና በኋላ እወስናለሁ" የሚለው ምክር ብዙ ሰው አቃጥሏል። ጄኔራል የሚባለው ራሱ በሜጀር ይለያያላ።

1. የምትፈልጉትን ሜጀር ጻፉ። ሁለት ቢሆን ችግር የለም፣ አምስት ከሆነ ግን ገና አልወሰናችሁም።
2. ሁለት ዩኒቨርሲቲ ምረጡ፣ አንድ ቅርብ አንድ የምትመኙት። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ይቀላል፣ ቨርጂኒያ ቴክ ብላክስበርግ ነው፣ ዩቪኤ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ) ሻርለትስቪል ነው፣ ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ሪችመንድ። በየቀኑ ተመላልሳችሁ የምትማሩባቸው አይደሉም።
3. ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የኮሚኒቲ ኮሌጁን ኮርስ አስገቡ፣ እዛ ዩኒቨርሲቲ ምን ሆኖ እንደሚቆጠር ያሳያችኋል። "ኢሌክቲቭ" ብቻ ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ ክሬዲቱ ይገባል ግን ለሜጀራችሁ አይሠራም ማለት ነው።
4. ዲግሪውን ለዩ። ኤኤ እና ኤኤስ የሚባሉት የሁለት ዓመት (አሶሼት) ዲግሪዎች ለትራንስፈር የተሠሩ ናቸው። ኤኤኤስ ግን በዋናነት ለሥራ የተሠራ ነው፣ አብዛኛው ክሬዲት አይሻገርም። ነርሲንግ ለየት ይላል፣ ስፕሪንግፊልድ ሜዲካል ካምፓስ ያለው ኤኤኤስ ለአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈተና ያበቃል፣ ከዛ ወደ ቢኤስኤን (የአራት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ) የሚያስኬድ የተለየ መንገድ አለው።

ወደ ጆርጅ ሜሰን የምትሄዱ ከሆነ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ 2018 የተጀመረ፣ ከመጀመሪያው ቀን ኖቫና ሜሰን ላይ በአንድ ፕላን ያስቀምጣችኋል፣ የራሳችሁ አማካሪ ይመደብላችኋል፣ ስትጨርሱም መግቢያው እንደገና ከዜሮ አይጀመርም። 30 ክሬዲት ሳትሞሉ ነው መግባት ያለባችሁ። 30ውን ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ፣ ስለዚህ አዲስ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ሰሜስተር አመልክቱ።

ሌላው ጋራንቲድ አድሚሽን የሚባለው ነው። የቨርጂኒያ 23 ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ተፈራርመዋል፣ አሶሼት ዲግሪ ጨርሳችሁ የተጠየቀውን ጂፒኤ ካመጣችሁ ይቀበሏችኋል። ዩቪኤ አርትስ ኤንድ ሳይንስስ 3.4 ይላል፣ ሌሎቹ ይለያያሉ። ግን ልብ በሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ገባችሁ ማለት ሜጀሩ ገባችሁ ማለት አይደለም። ኢንጂነሪንግ፣ ነርሲንግና ቢዝነስ የራሳቸው መስፈርት አላቸው፣ ስምምነቱን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት።

ደረጃ 4፦ የአገር ቤት ትራንስክሪፕት

ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ ላቋረጣችሁ ይሄ ብዙ ክሬዲት ያድናል። ኮርስ በኮርስ የሚባለውን ግምገማ የናሴስ (የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል በሆነ ድርጅት አሠሩ። ጠቅላላ የሚባለውን ርካሹን ካሠራችሁ ክሬዲት የሚሰጣችሁ ኮሌጅ አታገኙም፣ ገንዘቡ ይቀልጣል።

1. የግምገማ አካውንት ክፈቱና ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይ በቀጥታ ነው መላክ ያለበት፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይሠራም።
2. አገር ቤት ለሚሯሯጥላችሁ ሰው ውክልና ላኩ። ያለ ውክልና ብዙ ሬጅስትራር አያስተናግድም።
3. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ኮስት ሼሪንጉን አጣሩ። ካልተከፈለ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅም፣ ክፍያውን ጨርሳችሁ ክሊራንሱን ያዙ።
4. የኮርስ አውትላይን ያላችሁ አትጣሉ፣ ደረጃ 9 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የጨረሰ ሰው ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ዕርዳታ) አይገባውም። ከውጭ አገር መሆኑ ለውጥ የለውም። ዲግሪ የለኝም ብሎ ፋፍሳ መሙላት ውሸት ነው፣ ሲገኝ የወሰዳችሁትን ሁሉ ትመልሳላችሁ፣ ሌላ ጣጣም አለው። ዲግሪ ያላችሁ ከዜሮ ከመጀመራችሁ በፊት ማስተርስ ፕሮግራሞችን ጠይቁ፣ አንዳንዴ የሚጎድላችሁ ሦስት አራት ኮርስ ብቻ ነው። አንድ ወንድሜ የሆነ ሰው አገር ቤት በሒሳብ ተመርቆ እዚህ እንደገና ከአልጀብራ ሲጀምር አይቼ በጣም አዝኛለሁ፣ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም።

ደረጃ 5፦ አፕላይና እንግሊዝኛ

ኖቫ በሩ ክፍት ነው፣ የ12ኛ ውጤት አያስጨንቃችሁ። አፕሊኬሽኑ ኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው። "ከፍላችሁ እናስመዝግባችሁ" የሚል ካለ ተዉት።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ምዘና ትወስዳላችሁ። በእንቅልፍ ልብ፣ ከናይት ሺፍት ወጥታችሁ አትውሰዱ። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ መመደብ አንድ ሰሜስተርና የዛን ያህል ፔል ግራንት ነው የሚበላባችሁ። በሌላ በኩል ደሞ ሳትችሉ ከፍ ብላችሁ አትግቡ፣ ኢንግሊሽ 111 ላይ ወድቆ ጂፒኤ ማበላሸት ይብሳል።

ደረጃ 6፦ ፋፍሳ

1. ተማሪው ራሱ አካውንት ይክፈት፣ በራሱ ኢሜይልና ስልክ። የሚሞላላችሁ ሰው ኢሜይል ላይ አይከፈት፣ ሰውየው ስልክ ሲቀይር እናንተ ትዘጋላችሁ።
2. ፎርሙ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። በየዓመቱ እንደገና ነው የሚሞላው።
3. ዜግነት ላይ "ኤሊጂብል ነን ሲቲዝን" ምረጡና ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ኤ ነምበር አስገቡ።
4. ታክሱ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው። ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ያን ጊዜ አገር ቤት የነበራችሁ የብር ደሞዛችሁን ወደ ዶላር ቀይራችሁ ነው የምትሞሉት፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት።
5. ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛችሁም ገብቶ መፍቀድ ሊኖርበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ፦ በዲቪ ለብቻው የመጣ የ20 ዓመት ልጅ፣ እናት አባቱ አገር ቤት። ራሴን ችያለሁ ብሎ ያስባል፣ ፋፍሳ ግን ከ24 በታች ያላገባ ልጅ የሌለውን ሰው በወላጅ ሥር ነው የሚያየው። ወላጅ ሶሻል ባይኖረውም አካውንት መክፈት ይችላል። አድራሻውንና ኢሜይሉን ይዛችሁ በስልክ እያወራችሁ አብራችሁ ክፈቱላቸው፣ ሰዓቱን አገር ቤት ኔትዎርክ ሲሻል አድርጉት።

ከተበላሸ፦ ኮሌጁ ቬሪፊኬሽን ብሎ ወረቀት ሲጠይቃችሁ በዛው ሳምንት መልሱ። ገቢያችሁ ከዛ ወዲህ በጣም ከቀነሰ ወይ ሥራ ካጣችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ሁኔታዬ ተቀይሯል በሉ፣ በማስረጃ ማስተካከል ይችላሉ።

ፔል ግራንት ዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሰሜስተር የሚበቃ ነው፣ ከዛ አይጨምርም። 12 ክሬዲት ከወሰዳችሁ ሙሉውን፣ 6 ከወሰዳችሁ ግማሹን ነው የምታገኙት። ሪፈንድ ሲመጣ ደሞዝ እንዳይመስላችሁ፣ ኖቫ ላይ በማያስፈልግ ክላስ የጨረሳችሁት ፔል የዩኒቨርሲቲው መጨረሻ ዓመት ላይ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ያኔ ደሞ ዋጋው ውድ ነው።

ደረጃ 7፦ ክላስ መምረጥ

ደረጃ 3 ላይ ያወጣችሁትን ፕላን ይዛችሁ አማካሪ ጋ ግቡ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ፣ አማካሪው ስንት ሰው እንደሚያይ አስቡ፣ ያልነገራችሁትን አያውቅም።

ማቲማቲክስ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ማዝ 154 ለሶሻል ሳይንስና ለአርት ጥሩ ነው፣ ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒውተር ሳይንስ ግን የትም አያደርስም፣ እነዚህ በማዝ 161 እና 162 ወይ በ167 አድርገው ወደ ካልኩለስ 263 ነው የሚሄዱት። "154 ይቀላል" ተብሎ ስንቱ ሰው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል! ባዮሎጂም እንደዛው ነው፣ ባዮ 101 ለሳይንስ ሜጀር፣ 141 እና 142 ወደ ነርሲንግ የሚያስኬዱ ናቸው።

ለትራንስፈር የሚቆጠረው ሲ እና ከዛ በላይ ነው። ዲ ያመጣችሁበት ኮርስ ኖቫ ላይ ቢያልፍም ዩኒቨርሲቲው ይጥለዋል።

ሌሊት የምትሠሩ በመጀመሪያው ሰሜስተር አራት ከባድ ክላስ አትውሰዱ። አንድ ሒሳብ፣ አንድ እንግሊዝኛ፣ አንድ ቀለል ያለ በቂ ነው። ኦንላይን ክላስ ይቀላል የሚባለውን አትመኑ፣ ራሱን የማይገዛ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው እዛ ነው።

ደረጃ 8፦ መሃል ላይ ሲበላሽ

ሰው ታሞ፣ ቤተሰብ ሞቶበት፣ ሺፍት ተቀይሮበት ክላስ መሄድ ያቆማል። በጣም ያሳዝናል፣ ግን ዝም ብሎ መጥፋት ከሁሉም የከፋ ነው፣ ኤፍ ይሆናል።

1. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ከሆናችሁ ድሮፕ አድርጉ፣ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይታይም። ቀኑን ከካሌንደሩ ጻፉት።
2. እሱ ካለፈ ዊዝድሮ አለ። ሰሜስተሩ 60 በመቶ እስኪደርስ ደብልዩ ይሰጣችኋል፣ ጂፒኤ አይነካም።
3. ሁሉንም ክላስ ከመተዋችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ጋ ሂዱ። ከ60 በመቶ በፊት ሁሉንም ከለቀቃችሁ ከፔሉ የተወሰነው ወደ መንግሥት ይመለስና ዕዳው በናንተ ላይ ይወድቃል። ዕዳ ካለባችሁ ቀጣይ ሰሜስተር መመዝገብም ያስቸግራል።

ኤይድ እንዳይቋረጥ ከወሰዳችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍና ኮሌጁ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ጂፒኤ መጠበቅ ያስፈልጋል። ደብልዩ እንደ ወሰዳችሁት ይቆጠራል። ከተቋረጠባችሁ አፒል አለ፤ ምን እንደደረሰባችሁ በማስረጃ፣ አሁን ምን እንደተቀየረ በግልጽ ጻፉ። ረጅም ለቅሶ አያስፈልግም፣ የሐኪም ወረቀትና አጭር ፕላን ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ ማመልከትና የቀረ ክሬዲት ማስመለስ

1. ከመጨረሻችሁ አንድ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲውን የማመልከቻ ቀን ያዙ። ዩቪኤ ለፎል ማርች 1 ነው፣ ሌሎቹ ይለያያሉ።
2. ኖቫ ላይ የምረቃ ማመልከቻ አስገቡ። ክሬዲት ሞላ ማለት ዲግሪ ተሰጠ ማለት አይደለም፣ የጋራንቲው ስምምነት የሚጠይቀው ዲግሪውን ነው።
3. ከተማራችሁበት ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት ላኩ፣ የወደቃችሁበትንም ጭምር። መደበቅ ቅበላን ያሰርዛል።
4. ጂፒኤ 3.0 እና ከዛ በላይ ኖሯችሁ ዲግሪውን የጨረሳችሁ ስለ ቱ ይር ኮሌጅ ትራንስፈር ግራንት ጠይቁ፣ ገቢያችሁ ከፈቀደ በዓመት ከ1,000 ዶላር ይጀምራል።
5. የዩኒቨርሲቲው ስም ፋፍሳችሁ ላይ መጨመሩን አረጋግጡ። ይሄን ረስተው ኦገስት ላይ ቢል የመጣባቸው ብዙ ናቸው።

የክሬዲት ግምገማው ሲመጣ መስመር በመስመር ቁጠሩት። ኮርስ ከቀረ ወይ ኢሌክቲቭ ከሆነ ዝም አትበሉ። እኔ ራሴ ድሮ የተማርኩበት አንድ ኮሌጅ የሰጠኝን ዝርዝር ሳልጠይቅ ተቀብዬ ስታቲስቲክስ ሁለት ጊዜ ከፍዬ ተማርኩ። የኮርሱን ሲለበስ (ደረጃ 4 ላይ አትጣሉ ያልኳችሁን የኮርስ አውትላይን) አያይዙ፣ የሳምንት በሳምንቱ ርዕስና የመጽሐፉ ስም ያለበትን፣ ከዛ ለዲፓርትመንቱ እንደገና እንዲያዩት ጻፉ። ለአጠቃላይ አድሚሽን አትጻፉ፣ የሚወስነው ዲፓርትመንቱ ነው። በሁለት ሳምንት መልስ ካላገኛችሁ በአካል ሂዱ። ሲለበስ የጠፋባችሁ ኖቫ ያለው ዲፓርትመንት ጋ የተማራችሁበትን ሰሜስተር ነግራችሁ ጠይቁ፣ የድሮውን ያስቀምጣሉ።